የአራሷ ፓስወርድ

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጋዝ አዳዩ ሲሊንደር ተሸክሞ ሦስተኛ ፎቅ ወጣ፤ እንደተሸከመም ሮጦ ወረደ። ሰውየው ወገቡን የሚያመው፣ ደረጃ ባየ ቁጥር የሚያማርር ነው። ያን ቀን ግን ሃያ ስድስት ኪሎ ትከሻው ላይ አድርጎ ሦስት ፎቅ ሲወርድ አንዴም «ወገቤን» አላለም። ዘበኛው «ምነው፣ ምን ሆንክ?» ሲለው ነው ብረቱ አሁንም ትከሻው ላይ መሆኑን ያወቀው።

«ሴትዮዋ…» አለ። በአገጩ ወደ ላይ ጠቆመ።

ኢንስፔክተሩ ከሳጅኗ ጋር ሲደርስ ሴትዮዋ በሯ ላይ ወድቃ ነበር፤ ግማሽ አካሏ ከቤት ውስጥ፣ ግማሹ ኮሪደሩ ላይ። የቢላ ሥራ ነው። ኢንስፔክተሩ ሬሳውን አለፍ ብሎ በሩን ያይ ጀመር። ሦስት መቀርቀሪያ አለው፤ ሁለቱ በኋላ የተጨመሩ ናቸው። ሦስቱም ሳይሰበሩ ሳይገነጠሉ፣ በሰላም፣ ከውስጥ ተከፍተዋል። ከበሩ ውጭ ባዶ ሲሊንደር ቆሟል።

«ጋዝ እየጠበቀች ነበር» አለች ሳጅኗ። «ባዶውን ያየ ሰው “ጋዝ ነው” ካላት ትከፍታለች።»

«ባዶውን ለማየት መጀመሪያ ሕንፃውንና ፎቁን ማወቅ አለበት» አለ ኢንስፔክተሩ። «ልጅ ነበረቻት። የታለች?»

«መዋዕለ ሕፃናት ናት፤ ዘበኛው ነግሮኛል። ልጅ እንዳላት በምን አወቁ?»

ሟቿን ያውቃታል። ከስምንት ወር በፊት እሱ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጣ ነበር፤ ክንዷ በጀሶ፣ አራት ዓመት ያልሞላት ልጇ ጭኗ ላይ። ያመለከተችበት ባሏ ሁለት ቀን ታስሮ በዋስ ወጣ። ኢንስፔክተሩ ሌላ የሚያደርግላት ነገር ሲያጣ ምክር ሰጣት። «ሰፈር ቀይሪ። ቤቱንም ስልኩንም በስምሽ አታድርጊ። የት እንዳለሽ ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ፤ ለእናትሽም ቢሆን።» እንዳላት አደረገች። በሥራ ዘመኑ ምክሩን እንደዚያ አድርጋ የሰማችው እሷ ብቻ ናት።

ባልየው እኩለ ቀን ሳይሞላ አውቶቡስ መነኸሪያ ተያዘ። አልሮጠም፣ አልካደም። «ሚስቴ ናት» አለ። እንዴት እንዳገኛት ሲጠየቅ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል።

አዛዡ ፋይሉን ወደ ጎን ገፋ። «ገዳዩ ተይዟል፣ ቢላው ተገኝቷል። ምን ቀረህ?»

«አድራሻው።»

«የምን አድራሻ?»

«የእሷ። ማን ነው የሰጠው?»

አዛዡ ተነፈሰ። ጣቢያው ውስጥ ኢንስፔክተሩን «ጉንዳን» ይሉታል፤ አንዴ ከነከሰ በገዛ ፈቃዱ አይለቅም ለማለት። ፊት ለፊቱ ደፍሮ የሚጠራው ግን አዛዡ ብቻ ነው። «አንድ ሳምንት፣ ጉንዳን» አለው። «ከዚያ በላይ የለም።»

የሟቿ እናት ማክሰኞ ጠዋት መጡ። የልጅ ልጃቸውን በእጃቸው ይዘዋል፤ ልጅቷ እናቷ የት እንደሄደች ገና አልተነገራትም። እናትየው ወንበሩን ሲስቡላቸው አልተቀመጡም።

«ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነበር ልጄ» አሉት። «ሠላሳ አንድ ምኑ ዕድሜ ነው? ማን ነው ቤቷን ያሳየው? ስሙን ብቻ ንገረኝ።»

«ገና እያጣራሁ ነው እማማ። እርስዎስ የት እንደምትኖር ያውቁ ነበር?»

«አልነገረችኝም።» የልጅ ልጃቸውን እጅ ጠበቅ አድርገው ያዙ። «እናቷን! ስምንት ወር ሙሉ ድምጿን አልሰማሁም።»

ኢንስፔክተሩ አንገቱን ደፋ። እንዳትነግራቸው የመከራት ማን እንደሆነ ሊነግራቸው አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። እናትየው በማግስቱም መጡ፤ በሦስተኛውም ቀን። ጥያቄያቸው ያችው አንዷ ናት።

የሟቿን ወረቀቶች ሳጅኗ አንድ በአንድ አየቻቸው። ቤቱ በጓደኛ ስም፣ ስልኩ በአከራይ ስም፣ መብራቱ በሌላ ሰው ስም። እውነተኛ ስሟ ያለበት ወረቀት አንድ ብቻ ተገኘ፤ የጋዝ ውል። ጋዝ አከፋፋዩ ያለ መታወቂያ አያስተናግድም፤ ምግብ ለማብሰል ደግሞ ጋዝ ያስፈልጋል።

ጋዝ አከፋፋዩ ትልቅ አዳራሽ ነው፤ ፊት ለፊት ረጅም ባንኮኒ፣ ከጀርባው ወደ መጋዘን የሚያስገባ በር። ባንኮኒው ላይ ሦስት ኮምፒውተሮች አሉ፤ ከእነሱ ፊት የደንበኛው ሰልፍ እስከ ደጅ ተጥመልምሏል። ሥራ አስኪያጁ ኢንስፔክተሩን ሲያይ ወዲያው ማላብ ጀመረ። ሲስተሙን የሚይዘው ባለሙያ ግን ደረቱን ነፍቶ ነው የቀረበው። ኢንስፔክተሩ እንዲህ ያሉ ሰዎችን ለይቶ ያውቃል፤ ሥራዬን እዩልኝ የሚሉ ናቸው።

«የደንበኛ አድራሻ እንደ ድሮው ለሁሉም አይታይም» አለ ባለሙያው። «አምና አንድ ሠራተኛ የደንበኞችን ስልክ አውጥቶ ለማስታወቂያ ሰዎች ሰጠብን። ከዚያ ወዲህ ዳታቤዙን እያንዳንዱ ሰው በፈቃዱ ልክ ብቻ እንዲጠይቀው አድርጌያለሁ። አዳዩ የዕለት መንገዱን ብቻ ያያል። ባንኮኒው ደንበኛው በትዕዛዝ ቁጥር ሲመጣ ብቻ። በስም ፈልጎ አድራሻ ማውጣት የሚችሉት በጠቅላላው ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሥራ አስኪያጁ፣ እኔና የባንኮኒ ኃላፊዋ።»

«ማን ምን እንደፈለገ ይመዘገባል?»

«ሰዓትና ደቂቃው ሳይቀር!»

የሟቿን ስም ሰጡት። ባለሙያው ጻፈ፣ ጠበቀ፣ አንድ ገጽ አወጣ። ፊቱ ትንሽ ጠቆር አለ። በስሟ ላይ አንድ ቀን ብቻ ፍለጋ ተደርጓል። ከግድያው አሥራ ሁለት ቀን በፊት፣ ረቡዕ፣ ሰባት ሰዓት ከአምስት ላይ። የፈለገችው የባንኮኒ ኃላፊዋ ናት።

«ጥሯት» አለ ኢንስፔክተሩ።

ሥራ አስኪያጁ በመሐረቡ አንገቱን ጠረገ። «እሷማ አራስ ናት። ከሥራ ከወጣች አምስት ሳምንት አልፏታል። ያን ረቡዕ ከወለደች ገና አራተኛ ቀኗ ነበር፤ ሆስፒታል ተኝታ ሄጄ ጠይቄያታለሁ።»

«በእነዚህ አምስት ሳምንታት በስሟ ስንት ፍለጋ አለ?»

ባለሙያው ቆጠረ። ሲመልስ ድምፁ አንሷል። «ስድስት መቶ አርባ።»

«ጠንካራ ሠራተኛ ናት» አለ ኢንስፔክተሩ። «ምጥ ላይ ሆናም ሰው ስትፈልግ ነበር ማለት ነው።»

ነገሩን በመጨረሻ የተናገረው ባንኮኒው ላይ የነበረው ለፍላፊው ሠራተኛ ነው፤ ከፈራ በኋላም አፉን መያዝ የማይሆንለት ሰው። ደንበኛ የትዕዛዝ ቁጥሩን ይረሳል። ረስቶም ይቆጣል። ቁጥሩን ለማግኘት በስም መፈለግ ያስፈልጋል፤ ለዚያ ደግሞ ፈቃድ ያላት ኃላፊዋ ብቻ ናት። ለሌላ ሰው ፈቃድ ለማስጨመር ሦስት ፊርማ ያስፈልጋል፤ ፊርማው ደግሞ ቢፈጥን ሁለት ሳምንት ነው። ስለዚህ ኃላፊዋ ሆዷን ይዛ ልትወጣ ስትል ባንኮኒው በሙሉ ለመናት፤ ፓስወርዷን በካርቶን ቁራጭ ጽፋ ኪቦርዱ ስር አስቀምጣላቸው ሄደች። ጠዋት ቀድሞ የገባ በእሷ ስም ይከፍታል፣ ማታ መጨረሻ የወጣ ይዘጋል። ስምም አውጥተውለታል። «በአራሷ እየው» ይባባላሉ። «አራሷን ክፈቺልኝ፣ ሰልፍ በዛብኝ።»

የሲስተሙ ባለሙያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። አንድ ዓመት የደከመበት ነገር በአንድ ካርቶን ቁራጭ ገደል ሲገባ ማየት ቀላል አይደለም።

«ያንን ካርቶን ስጡኝ» አለ ኢንስፔክተሩ።

ሐሙስ አራሷ ቤት ሄዱ። ሕፃኑን ደረቷ ላይ አስተኝታ ነው የተቀበለቻቸው፤ ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። ምንም አልደበቀችም።

«ሥራው እንዳይቆም ብዬ ነው» አለች። «ሰዉ ጋዝ አጥቶ ተሰልፎ እያየሁ፣ ፓስወርዴን በቦርሳዬ ይዤ ልተኛ? ምን አጠፋሁ?»

«ወንድምሽ የሚሠራበት ጋራዥ ውስጥ ሟቿን የገደለው ሰውዬ ይሠራል። ይሄን ታውቂያለሽ?»

አላወቀችም። «ወንድሜ ከእኔ ጋር ከተነጋገረ ዓመት አልፎታል» አለች። እውነቷን ነው። ሳጅኗ ከሰዓት በኋላ አጣራች፤ ወንድምየው ያን ረቡዕ ሌላ ከተማ የጭነት መኪና ስር ተኝቶ ሲጠግን ውሏል፤ አራት ምስክር አለው። ያኛው ክር እዚያው ተበጠሰ።

ለአዛዡ ግን በቂ ነበር። «ወረቀት ፈርማለች» አለ። «“በስሜ ለሚደረግ ሁሉ እኔ ተጠያቂ ነኝ” ይላል። ትያዝ።»

«የአሥራ ዘጠኝ ቀን ሕፃን አላት።»

«ሕፃኑን ማን ከሰሰው? እጁን ያስገባውን ሰው ካመጣህልኝ እለቃታለሁ። ካላመጣህ ሰኞ ፋይሉ በእሷ ስም ያልፋል፤ ሰው ያስገደለ አድራሻ ነው የወጣው። ስንት ዓመት እንደሚያስፈርድ አንተ አታውቅም?»

ያውቃል። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሕፃኑ ለቅሶ በጣቢያው ኮሪደር ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሰማ ጀመር። ሳጅኗ ብርድ ልብስ ከቤቷ አመጣች። ጥበቃዎቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ማውራት ያዙ። ኢንስፔክተሩ በሩን ዘግቶ ለመሥራት ሞከረ፤ በሩ ምን ያደርጋል!

ያን ረቡዕ ምሳ ሰዓት ባንኮኒው ላይ ሊሆኑ የሚችሉት ሁለት ሰዎች ናቸው። ለፍላፊውና «ትንሿ» የሚሏት ሃያ አንድ ዓመት ያልሞላት ልጅ።

«ምሳ? እኔና ትንሿ ሁሌም አብረን ነው የምንበላው» አለ ለፍላፊው። «ማዶ ያለችው ምግብ ቤት። እኔ ካላሳቅኳት እህል አይወርድላትም።»

«እውነት ነው?» አላት ኢንስፔክተሩ።

«አዎ» አለች ትንሿ፣ እጇን እያየች።

የምግብ ቤቷ ባለቤት ግን ሳቀች። «ያ ወሬኛ? እኔ ቤት ከመጣ ስንት ወሩ! ቢመጣማ ጆሮዬ ያስታውሰው ነበር።»

ለፍላፊው ጣቢያ ተጠራ። መዋሸቱ ሲነገረው ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል ጠፋው። ኢንስፔክተሩም ለግማሽ ሰዓት ያህል አገኘሁት ብሎ ነበር። ሰውየው እጁን እያሻሸ፣ እየተንተባተበ፣ በመጨረሻ አወጣው። ምሳ ሰዓት መጋዘን ገብቶ ካርቶን ላይ ይተኛል። ይሄ ከታወቀ ይባረራል። ትንሿ ባንኮኒውን ትጠብቅለታለች፣ እሱም ቀልድ ይነግራታል፤ ስምምነታቸው ይሄ ነው።

መጋዘን ጠባቂው አረጋገጠ። «ኧረ ይተኛል! እንደውም ሲያንኮራፋ እንዳይሰማበት ሬዲዮ የምከፍትለት እኔ ነኝ።»

«ስለዚህ ሰባት ሰዓት ከአምስት ላይ ትንሿ ብቻዋን ነበረች» አለች ሳጅኗ፣ ዓርብ ጠዋት። «ባልየው በእሷ በኩል ነው የገባው።»

ኢንስፔክተሩ የሲስተሙን ወረቀት ለስንተኛ ጊዜ ዘርግቶታል። «ፍለጋውን እይው። መጀመሪያ በስምና በትውልድ ቀን ፈለገች፤ ምንም አልመጣም። ከዚያ በስም ብቻ፤ አሥራ ዘጠኝ ሴቶች መጡ። አንድ በአንድ ከፍታ ሰባተኛዋ ላይ ቆመች። ሰባተኛዋ የእኛ ሴት ናት።»

«ታዲያ ቀኑ ለምን አልሠራም?»

«ወሩና ቀኑ ልክ ነው። ዓመቱ ከመታወቂያዋ ጋር ሁለት ዓመት ይለያል። የጻፈችው ዓመት ልክ ቢሆን ኖሮ ሟቿ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነበር።»

«ባልየው ቃሉን ሲሰጥ ሠላሳ ሦስት ነው ያለው» አለች ሳጅኗ። «የጋብቻ ወረቀታቸውም ሠላሳ ሦስት ነው የሚያደርጋት። ታዲያ ሠላሳ አንድ ያለው ማን…»

አልጨረሰችውም። ሠላሳ አንድ ያለ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ፊቱ ቆሞ፣ አልቀመጥም ብሎ። የተሳሳተ ዓመት አልነበረም። ልጇ መቼ እንደተወለደች የምታውቅ ሰው የነገረችው ዓመት ነው።

ወደ ጋዝ አከፋፋዩ ተመለሱ። የትንሿን የመኖሪያ አድራሻ ጠየቁ። ሥራ አስኪያጁ ከወንበሩ ሳይነሳ ወደ ባንኮኒው ተጣራ። «የሠራተኛ አድራሻ ነው የሚፈልጉት፤ በእኔ እየውላቸው!» አለው ለለፍላፊው። ባንኮኒው ላይ ያለው ስክሪን አሁን የተከፈተው በሥራ አስኪያጁ ስም ነው። ኢንስፔክተሩ ስክሪኑንም ሰውየውንም አየ።

አድራሻው መጣ። ከእናትየው ጋር አንድ ግቢ፣ አንድ ግድግዳ።

ትንሿን መጋዘኑ ውስጥ፣ የሲሊንደር ክምር መሃል አነጋገሯት። ገና «እናትየው» ሲላት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«እሳቸው ናቸው ያሳደጉኝ» አለች። «እናቴ ሥራ ስትውል እሳቸው ቤት ነበር የምውለው። ልጃቸው እህቴ ማለት ናት። ስትጠፋ እማማ እህል ተዉ። በየቀኑ ደጄ ላይ ይቆማሉ። “አድራሻዋን አልፈልግም፣ በሕይወት አለች ወይ ብቻ እይልኝ፤ አንቺ ጋ ሰው ሁሉ ተመዝግቦ የለ” ይሉኛል። ሦስት ወር እምቢ አልኩ። ሦስት ወር!»

«ከዚያስ?»

«የልደት ቀኗን ነገሩኝ። አልመጣም። ለካስ ድሮ ሥራ ለመግባት ሁለት ዓመት ጨምራ ነው መታወቂያ ያወጣችው፤ ረስተውታል። በስም ፈለግሁ፤ ወርና ቀኗ የገጠመው እሷ ብቻ ናት። ማታ ቤት ገብቼ “እማማ፣ አለች፤ ባለፈው ወር ጋዝ አስሞልታለች” አልኳቸው። እንዴት እንዳለቀሱ… እንዴት እንደሳቁ ቢያዩ! ከዚያ ቤቷ የት እንደሆነ ሲጠይቁኝ እምቢ የምልበት አንጀት ከየት ላምጣ?»

«ለሌላ ሰው ተናግረሻል?»

«ለማን? ለእናቷ እኮ ነው የሰጠሁት። እናቷ ገዳይ ናት?»

ሳጅኗ ፊቷን አዞረች።

ባልየው ክፍሉ ውስጥ እንደተለመደው ግድግዳውን ያያል። ኢንስፔክተሩ ፊቱ ቆመ እንጂ አልተቀመጠም።

«እናትየውን ተከትለህ ነው» አለው። ጥያቄ አልነበረም።

ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ ዞሮ አየው። «ስምንት ወር ሙሉ ደጃቸው ላይ ነበርኩ» አለ፣ ተራ ነገር በሚወራበት ድምፅ። «ከሥራ ስወጣ፣ እሑድ እሑድ። ገበያ ይሄዳሉ፣ ቤታቸው ይመለሳሉ። ልተወው ደርሼ ነበር። አንድ ቀን ታክሲ ያዙ፣ ወረዱ፣ ሌላ ታክሲ ያዙ። የሚደበቅ ነገር የሌለው ሰው ሁለት ታክሲ አይቀይርም። ያኔ ወዴት እንደሚሄዱ ገባኝ።»

ኢንስፔክተሩ ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቆየ። ሕፃኑ ያለቅሳል።

አዛዡ እስከ መጨረሻው ሰማ። «የባንኮኒዋ ልጅ ቃል ብቻውን አይበቃኝም» አለ። «ነገ ጠበቃ ይዛ ትክዳለች። የእናትየውን ፊርማ አምጣ። ባመጣህበት ሰዓት አራሷን እለቃለሁ።»

«ባልየው ከኋላቸው እንደነበረ እናትየው አያውቁም።»

«እንግዲህ ሊያውቁ ነው» አለ አዛዡ፤ ክፉ ሆኖ ግን አይደለም።

ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሄዱ። እናትየው የልጅ ልጃቸውን ፀጉር እየሠሩ ነበር፤ ግማሹ ተጎንጉኖ ግማሹ ተንጨፍርሯል። ኢንስፔክተሩን ሲያዩ ማበጠሪያው እጃቸው ላይ ቀረ።

«አገኘኸው?» አሉ።

ሳጅኗ ልጅቷን ይዛ ወደ ግቢው ወጣች። ኢንስፔክተሩ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀመጠ፤ ጉልበቱ አገጩ ሊደርስ ምንም አልቀረውም።

«እማማ፣ ትንሿ ነግራኛለች።»

«እሷን ተዋት!» ብድግ አሉ። «የለመንኳት እኔ ነኝ። ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች? እኔም ለማንም አልነገርኩም። ለአንድ ሰው እንኳ! በሞተችው ልጄ!»

«አልነገሩም፤ አውቃለሁ። ግን ሄደዋል።»

ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ሄድኩ። አልወጣሁም ግን። ማዶ ፋርማሲው ጥግ ቆሜ በረንዳዋን ነው ያየሁት። ልብስ ስታሰጣ ነበር። ከስታለች። ልጅቷ ከኋላዋ ስትዘል አየኋት። አልጠራኋትም እኮ ልጄ! ስሟ ምላሴ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። አይቻት ተመለስኩ። ሁለት ታክሲ ነው የቀየርኩት፣ ማንም እንዳይከተለኝ ብዬ።»

ስለ ታክሲዎቹ ባልየው ያለውን አልነገራቸውም። ቢያንስ ያቺን ያህል ሊደብቅላቸው ፈለገ።

እናትየው ግን ዓይኑን ሲያሸሽ አዩት። «ከኋላዬ ነበር?»

«አዎ፣ እማማ።»

አላለቀሱም። ማበጠሪያውን ከጎናቸው አስቀመጡና እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጠፉ። ኢንስፔክተሩ ለቅሶ ቢሆን ይሻለው ነበር፤ ለለቅሶ ምን እንደሚደረግ ያውቃል።

«በየቀኑ እየመጣሁ ማን ነው የምልህ» አሉ፣ «የሌላ ሰው ስም እንድትጠራልኝ ነበር።»

«እማማ፣ ለእናትሽም ቢሆን አትንገሪ ብዬ የመከርኳት እኔ ነኝ» አለ ኢንስፔክተሩ። «እኔ ያንን ባልላት ትደውልልዎ ነበር፤ እርስዎም ፍለጋ ባልገቡ።»

ትክ ብለው አዩት። የሚረግሙት መስሎት ነበር፤ ቢረግሙትም ደስ ባለው።

«ደህና አድርገህ ነው የመከርካት» አሉት። «እንዳልካት ከእኔ ነው መደበቅ የነበረባት።»

ኢንስፔክተሩ ወረቀቱን ከቦርሳው አወጣ። አራሷን ነገራቸው፤ ሳታውቅ በስሟ እንደተፈለገ፣ ሕፃኗን ይዛ እንደታሰረች፣ የሳቸው ፊርማ ካለ ዛሬውኑ ቤቷ እንደምትገባ።

«ሕፃኑ ይጠባል?» አሉ።

«ወተቷ እየነጠፈ ነው ይላሉ።»

«ጻፍ።»

ጻፈና አነበበላቸው። ጎረቤታቸውን ለምነው የልጃቸውን አድራሻ እንዳወጡ፣ ሄደውም ከሩቅ አይተዋት እንደተመለሱ። እናትየው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይሄ አይደለም። “ልጄን ያስገደልኳት እኔ ነኝ” ብለህ ጻፍ።»

«እማማ፣ እንዲህ አይባልም። የገደላት እሱ ነው።»

«እሱማ ገደላት። መንገዱን መርቶ ደጇ ያደረሰው ማን ነው?»

«እውነት ያልሆነ ነገር መጻፍ አልችልም።»

«እንግዲያው እኔም አልፈርምም» አሉ። ቁጣ የለበትም፤ ቆርጠዋል። «ትንሿም ያቺም አራስ ምንም አላደረጉም። ይሄን ያደረገ ሰው ስም ስፈልግ ሰነበትኩ። አሁን አገኘሁት። ጻፈው።»

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለሰባት ሩብ ጉዳይ ይላል። ቅዳሜ ነው፤ አዛዡ ስምንት ሰዓት ላይ ይወጣል። ከዚያ በኋላ እስከ ሰኞ ማንም አይፈታም፤ ሰኞ ደግሞ ፋይሉ ያልፋል። ኢንስፔክተሩ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰዎች ያደረጉትን እንዲያምኑለት ሲለማመጥ ኖሯል። ያላደረጉትን አልጽፍም ብሎ የተሟገተው ዛሬ ገና ነው፤ እሱንም ተሸነፈ።

ጻፈው። እናትየው መነጽራቸውን አደረጉ፣ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዞሩና ጣታቸውን ከቃል ቃል እያሳለፉ አነበቡ። ሁለት ጊዜ ነው ያነበቡት። ከዚያ ፈረሙ።

ሳጅኗ ልጅቷን ይዛ ተመለሰች። ልጅቷ እየሮጠች ገባች፤ የቀረው ፀጉሯ እንዲሠራላት ጀርባዋን ለአያቷ ሰጥታ በተለመደው ቦታዋ፣ ጉልበታቸው መሃል ልትቀመጥ አለች። እናትየው እጃቸውን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡ። ሊነኳት አልፈለጉም።

«ይዘሃት ሂድ» አሉት ኢንስፔክተሩን። «ልጅ መጠበቅ የሚችል ሰው ጋ አድርሳት። እኔ ጋ አትሁን።»

ኢንስፔክተሩ ወረቀቱን እንደያዘ ቆመ። ሳጅኗ እሱን ታያለች፣ እሱ መሬቱን። ልጅቷ ትንሽ ጠበቀች፤ የሚነካት ስታጣ ዞረች።

«አያቴ» አለች፣ «ምን አጠፋሁ?»